ጠቡ ያለው መታጠፊያው ላይ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዳችን ብስክሌት ጠጋኝ፣ ሌላችን የመንጃ ፈቃድ አሰልጣኝ። ጠጋኝ ዘንድ የሚመጣ ብስክሌተኛ «ሾፌር ዓይን የለውም» ይላል። አሰልጣኝ ዘንድ የሚመጣ ሾፌር ደግሞ «ብስክሌተኛ ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም» ይላል። ሁለቱም አይዋሹም። የሚያወሩት ስለ አንድ ቦታ ሆኖ ያዩት ግን ከሁለት የተለያየ ወንበር ነው። እኛም ስለዚያ ቦታ ለመጻፍ ተነሳን።

በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከቦሌ ወደ መገናኛ፣ ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛና በሌሎችም ጎዳናዎች ላይ ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሠርቷል። ከዚያም በፊት በለቡ እና በጀሞ ሰፈሮች መካከል የተሠራ ነበር። መስመሩ መሠራቱ ደግ ነው። ነገር ግን ሾፌሩ «መስመር ተሰጥቷቸዋል፤ እንግዲህ ከመንገዳችን ይውጡልን» ማለት ጀመረ፤ ብስክሌተኛውም መስመሩ ላይ እስካለ ድረስ ማንም የማይነካው መሰለው። የተለየ መስመር ግጭትን አያጠፋም፤ ቦታውን ይቀይረዋል እንጂ። በቀጥታው መንገድ ሁሉ ላይ ተበትኖ የነበረው አደጋ ተሰብስቦ መስመሩ በሚቋረጥበት ቦታ ይጠራቀማል፤ መታጠፊያ ላይ፣ ግቢ በር ላይ፣ ታክሲ መቆሚያ ላይ።

መታጠፊያውን እንውሰድ። በአገራችን የሚነዳው በቀኝ ነው፤ ስለዚህ ብስክሌተኛው ምንጊዜም በሾፌሩ ቀኝ ይገኛል፤ ሾፌሩ የተቀመጠው ግን በግራ ነው። አንድ መኪና በሰዓት 40 ኪ.ሜ. እየሄደ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ 30 ሜትር ሲቀረው በ18 ኪ.ሜ. የሚሄድ ብስክሌተኛን ይቀድማል እንበል። ሾፌሩ በልቡ «አልፌዋለሁ» ብሎ ጉዳዩን ዘግቶታል። ከዚያ ፍሬን ይይዛል፤ ማርሽ ይቀንሳል፤ ዜብራው ላይ እግረኛ ካለ ቆም ይላል። በ18 ኪ.ሜ. የሚሄድ ብስክሌት በሰከንድ 5 ሜትር ይጓዛል፤ 30 ሜትሩን በ6 ሰከንድ ይጨርሰዋል። መኪናው መሪውን ወደ ቀኝ ሲሰብር ብስክሌተኛው የፊት በሩ ትይዩ ነው። ሾፌሩ «ከየት መጣ?» የሚለው ከልቡ ነው፤ ከ6 ሰከንድ በፊት ራሱ ቀድሞት መጥቷልና።

መፍትሔውም ያው ስሌቱ ውስጥ አለ። መታጠፊያው ከ50 ሜትር በታች ቀርቶ ከፊት ብስክሌት ካለ አይቀደምም፤ ከኋላው ይኬዳል። የሚጠፋው ጊዜ ቢበዛ 6 ወይም 7 ሰከንድ ነው። ፍሬቻ የሚበራው መሪ ከመዞሩ በፊት ነው፤ ቢያንስ 30 ሜትር ቀደም ብሎ። መሪ እየዞረ የሚበራ ፍሬቻ የተፈጸመ ነገርን ከማውራት በቀር ጥቅም የለውም። ከዚያ ቀኝ ስፖኪዮ ይታያል፤ ቀጥሎ ደግሞ አንገት ዞሮ የቀኝ ትከሻ ጎን ይታያል፤ ስፖኪዮው ያንን ቦታ አያሳይምና። በመጨረሻም መኪናው መቆም ካለበት የብስክሌት መስመሩን ሳይነካ ከበስተጀርባው ይቆማል። መስመሩ ላይ ተጋድሞ እግረኛ የሚጠብቅ መኪና ብስክሌተኛውን ወይ ወደ አስፋልቱ ወይ ወደ እግረኛው ይገፋዋል።

የአንገቱ ነገር በቃል ብዙም አይገባም። ለማሠልጠኛዎች የምንመክረው የ10 ደቂቃ ትምህርት አለ። መኪናው በቆመበት ሠልጣኙ መሪው ላይ ይቀመጣል፤ ስፖኪዮውን ለራሱ ያስተካክላል። ሌላ ሰው ብስክሌት እየገፋ ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ከመኪናው አንድ ሜትር ርቆ በዝግታ ወደ ፊት ይራመዳል። ሠልጣኙ ብስክሌቱ ከስፖኪዮው ሲጠፋበት «ጠፋ»፣ በመስኮት በዓይኑ ሲያገኘው «መጣ» ይላል፤ በሁለቱም ቦታ መሬቱ በኖራ ይሰመራል። ከዚያ ሠልጣኙ ወርዶ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ያየዋል። ያንን ኖራ ያየ ሰው አንገቱን ሳያዞር ለመታጠፍ ይቸገራል። የስፖኪዮው አቅጣጫ በትንሹ ሲዛነፍ ደግሞ ያ ባዶ ቦታ ይሰፋል፤ ታክሲ ላይ በጥቅሻ ያህል ወደ ውስጥ የዞረ ቀኝ ስፖኪዮ ማየት ብርቅ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ሞተር ሳይክል በከተማው እንዳይንቀሳቀስ ሲታገድ፣ በፈቃድ የሚሠሩት ሲቀሩ፣ ሾፌሩ በቀኝ ስፖኪዮው ውስጥ የሚፈልገው ነገር አነሰ ብለን እንገምታለን። ያልጠበቁትን ነገር ዓይን አይፈልገውም።

ሲኖትራክና ሃይገር ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ረጅም መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ጎማ ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይገባል። የፊቱ ጎማ ከጠርዙ ድንጋይ ሁለት ሜትር ርቆ ሲያልፍ ያየ ብስክሌተኛ «ለእኔ ቦታ ተወልኝ» ብሎ ያስባል። ያ ቦታ የተተወው ለኋላው ጎማ ነው። በተጨማሪም ከፍ ካለ ጋቢና ላይ የተቀመጠ ሾፌር ከመኪናው አፍንጫ ሥር ያለን ሰው አያይም። ስለዚህ መብራት ላይ ብስክሌተኛ የሚቆምበት ቦታ ሁለት ብቻ ነው፦ ወይ ከመኪናው ፊት 4 ወይም 5 ሜትር ርቆ፣ ዞር ብሎ የሾፌሩን ፊት ማየት በሚችልበት ቦታ፤ ወይ ደግሞ ከበስተኋላው። በቀኝ ጎኑ መቆም ግን የለም፤ የሾፌሩ ፊት ካልታየው ሾፌሩም እሱን አላየውም።

አሁን ወደ ታክሲው። በአዲስ አበባ ብስክሌተኛና የታክሲ ሾፌር በብዛት የሚሰዳደቡበት ቦታ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ የአንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው የመንገድ ዳር ነው። ታክሲው «ወራጅ አለ» ሲባል ወደ ቀኝ ይጠጋል፤ ብስክሌተኛው ደግሞ ያለው እዚያ ነው። የሚኒባሱ ተንሸራታች በር በቀኝ በኩል ስለሆነ የሚወርደው ሰው በቀጥታ ብስክሌተኛው ፊት ላይ ይወርዳል።

ከሁሉ የከፋው አቋቋም የትኛው ነው ቢሉን ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ርቆ መቆም ነው እንላለን። ያ ክፍተት ለብስክሌተኛው ማለፊያ ይመስለዋል፤ ለተሳፋሪው ደግሞ መውረጃ ነው። ሾፌሩ ጨርሶ ከጠርዙ ቢጠጋ፣ ግማሽ ሜትር እንኳ ባይተው፣ ብስክሌተኛው ማለፊያ እንደሌለው ከሩቅ አይቶ በግራ ይዞራል ወይም ይቆማል። ብዙ ሾፌር ግን ለመውጣት እንዲቀለው በሰያፍ ይቆማል፤ አፍንጫው ወደ ጠርዝ፣ ጭራው ወደ መንገድ። ያ አቋቋም ከኋላ የሚመጣውን ሁሉ፣ ብስክሌቱንም አውቶብሱንም፣ ወደ መሐል ይገፋል።

በሩን የሚከፍተው ረዳቱ ስለሆነ የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ያለው በእሱ እጅ ነው። ሾፌሩ ከቦታው ሆኖ ማየት የማይችለውን የቀኝ ጎን ረዳቱ አንገቱን በማውጣት ብቻ ያየዋል፤ ተሳፋሪ ሲጠራም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ልማዱን መቀየር ሳይሆን አንድ እይታ መጨመር ነው፦ መኪናው ከመቆሙ በፊት በመስኮት ወደ ኋላ ማየት፤ ብስክሌት ከ20 ሜትር በታች ከሆነ በሩን በእጁ ይዞ «ቆይ ይለፍ» ማለት። ብስክሌቱ ለማለፍ 4 ሰከንድ ይበቃዋል። ዝርዝር እየቆጠሩ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ ከዚያ ይበልጣል።

የጋቢናው በር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እሱ አይንሸራተትም፤ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ሲከፈት አንድ ሜትር ያህል ይወጣል። ከረዳቱ ሥልጣን ውጭ ነው፤ የሚከፍተውም ለመውረድ የቸኮለ ተሳፋሪ ነው። በኔዘርላንድ ለአሽከርካሪዎች የሚያስተምሩት አንድ ዘዴ ለእኛም ይሆናል፦ በሩን ከበሩ በራቀው እጅ መክፈት። ጋቢና የተቀመጠ ሰው በግራ እጁ፣ ሾፌር በቀኝ እጁ ሲከፍት ትከሻው ሳይወድ ይዞራል፤ ትከሻው ሲዞር ዓይኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ብስክሌተኛውም በበኩሉ ከቆመ መኪና ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ ይለፍ። ሾፌር ይህን ሲያይ «መሐል መንገድ ምን ያደርጋል?» ብሎ ክላክስ ያደርጋል። ከበር እየሸሸ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

መስመሩ ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ከፍ ብሎ በተሠራበት ቦታ ደግሞ ተሳፋሪ ከታክሲ የሚወርደው በቀጥታ በመስመሩ ላይ ነው። ለዚህ ምክር አይበቃም፤ ግንባታ ይፈልጋል። በመቆሚያው ላይ መስመሩ ከተሳፋሪው በስተጀርባ ዞሮ፣ በአስፋልቱና በመስመሩ መካከል 2 ሜትር ያህል ወርድ ያለው መቆሚያ ደሴት ሊኖር ይገባል። ሰው መጀመሪያ ደሴቱ ላይ ይወርዳል፤ ይረጋጋል፤ ከዚያ ግራ ቀኝ አይቶ መስመሩን ያቋርጣል። ወርዱ ከ2 ሜትር ካነሰ ሰልፍ ሲረዝም ሰዉ ወደ መስመሩ ይፈሳል፤ ያ ሲሆን ብስክሌተኛው ተመልሶ አስፋልት ላይ ይወርዳል፤ ሾፌሩም «መስመር እያላቸው» ይላል። ያ ብስክሌተኛ መስመሩን የተወው ንቆት ሳይሆን ሰው ላለመግጨት ነው።

ሾፌሮች የሚያነሱትን ክስ ደግሞ በግልጽ እንቀበለው። በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነዳ ብስክሌተኛ ጥፋተኛ ነው፤ «መኪናው ከፊት ሲመጣ ስለማየው ይሻለኛል» የሚለው ምክንያትም ስሌቱ አይደግፈውም። በ40 የሚሄድ መኪናና በ20 የሚሄድ ብስክሌት በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ የሚቀራረቡት በ20 ነው፤ ፊት ለፊት ሲመጡ በ60 ነው። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ከመጋቢ መንገድ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሾፌር መኪና የሚመጣበት ከግራ ስለሆነ ወደ ግራ ብቻ እያየ ነው የሚወጣው። በተቃራኒ የሚመጣው ብስክሌተኛ ግን ያለው በቀኙ ነው። ሾፌሩ ሕግ ጠብቆ፣ ተጠንቅቆ፣ ዝግ ብሎ ይገጨዋል። ይህንን ብስክሌት የሚነዱ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ቢያስረዱ ደስ ይለናል። በየወሩ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ሰው የሚዝናናበት «መንገድ ለሰው» ከኅዳር 2011 ጀምሮ ብዙ ልጅ ብስክሌት አስለምዷል። ሚዛን መጠበቅ ግን ከመኪና ጋር መኖር አይደለም፤ መኪና በሌለበት ቀን የተማረ ልጅ ሰኞ ዕለት ስለሚያጋጥመው ታክሲ ምንም አልተማረም።

ሁለተኛው ተገቢ ክስ ፍሬን ነው። እዚህ ላይ ጠጋኙ ይናገር። ከሚጠገኑት ብስክሌቶች ብዙዎቹ የሚሠራ ፍሬን ያላቸው በኋላ ብቻ ነው፤ ሰው «የፊቱ ይገለብጣል» ብሎ ይፈታዋል። ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጫን ሥራውን በብዛት የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው። በኋላው ብቻ የሚቆም ብስክሌት ርቀቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። መገልበጥን የሚያመጣው የፊቱን ድንገት፣ ክንድን ሳያጠነክሩ መያዝ ነው፤ ኮርቻው ላይ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ፣ ሁለቱንም ጭብጥ እያደረጉ መያዝ ይለመዳል። ፍተሻው ቀላል ነው። ከብስክሌቱ ወርዶ የፊት ፍሬኑን መያዝና ወደ ፊት መግፋት፤ የኋላ ጎማው ከመሬት መነሳት አለበት። ተጎትቶ ከሄደ ፍሬኑ አይሠራም። እጀታው ተጨብጦ መሪው ቱቦ ላይ ከደረሰ ካቦው ላልቷል፤ በእጀታውና በመሪው መካከል ቢያንስ ሁለት ጣት ይተርፍ። የፍሬኑ ጎማ ላይ ያለው ሰንጥቅ ከጠፋ ጎማው አልቋል። ቸርኬው ብረት የሆነ አሮጌ ብስክሌት በክረምት የተለየ ጥንቃቄ ይሻል፤ እርጥብ ብረት የፍሬን ጎማ አይዝም። ዝናብ ላይ ከመታጠፊያ 20 እና 30 ሜትር አስቀድሞ ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ እየነኩ ውሃውን ከቸርኬው መጥረግ ያስፈልጋል።

መብራትም እንዲሁ፤ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ የኋላው ይቅደም። አንጸባራቂ ጨርቅ ከጀርባ ይልቅ ቁርጭምጭሚት ላይ ቢታሰር ይበልጥ ይታያል፤ እግር ከፔዳል ጋር ላይና ታች ስለሚል ሾፌሩ ሰው መሆኑን ወዲያው ይለየዋል። ሄልሜት ይደረግ፤ ነገር ግን የአውሮፓው የብስክሌት ሄልሜት መመዘኛ የሚፈተነው በሰዓት 20 ኪ.ሜ. ገደማ በሆነ ፍጥነት ከጠፍጣፋ መሬት ጋር በማጋጨት ነው። ከመውደቅ ያድናል፤ ከሲኖትራክ አያድንም።

ዳገትና ቁልቁለት ደግሞ ይህችን ከተማ ከባሕር ዳርም ከሐዋሳም ይለያታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ዳገት ላይ ብስክሌተኛው በ8 ኪ.ሜ. ይሄዳል፤ ያኔ መሪው ይወዛወዛል፤ ብስክሌት የሚረጋጋው ሲፈጥን ነውና። ሾፌር ግን ዳገት ላይ ማርሹ እንዳይወድቅበት ጠበብ አድርጎ ለማለፍ ይቸኩላል። ስለዚህ ከሁሉ በላይ ቦታ መተው የሚያስፈልገው ዳገት ላይ ነው። ምን ያህል? ስፔንና ጀርመን ውስጥ ብስክሌት ሲቀደም 1.5 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፤ ጀርመን ከከተማ ውጭ ወደ 2 ሜትር ታሳድገዋለች። 1.5 ሜትር ለታክሲ ሾፌር ምን እንደሆነ ለማስታወስ፣ የሚኒባሱ ወርድ 1.7 ሜትር ነው። በመሐላችሁ አንድ ሚኒባስ ሊገባ ጥቂት የቀረው መሆን አለበት። ያ ካልተገኘ አይቀደምም።

ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከእንጦጦ በኩል የሚወርድ ብስክሌት ያለ ችግር 40 ኪ.ሜ. ይገባል፤ ከመኪና እኩል ነው። እዚያ ላይ ጠርዝ ይዞ መሄድ ለብስክሌተኛው ከሁሉ የከፋ ምርጫ ነው፤ በር፣ ጠጠር፣ የቱቦ ክዳን ሁሉ ያለው ጠርዝ ላይ ነው። የሌይኑን መሐል ይዞ ይውረድ። እዚህ ላይ እኛ ሁለታችን ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም። አሰልጣኙ «ሾፌሩ እንደ ንቀት ያየዋል፤ ተናዶ ሲቀድም ይብሳል» ይላል። ጠጋኙ «የተናደደ ሾፌር አይቶኛል ማለት ነው» ይላል።

አደባባይም ከቁልቁለቱ የሚለይ አይደለም። ዳሩን ይዞ የሚዞር ብስክሌተኛ ከውስጥ የሚወጣው መኪና ሁሉ ይቆርጠዋል፤ ከመግባቱ በፊት ፍጥነቱን አመጣጥኖ፣ እጁን ዘርግቶ፣ መሐሉን ይዞ መግባት አለበት። ያልደፈረ ወርዶ በዜብራው እየገፋ ያቋርጥ፤ ነውር የለውም።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ብቻ። በደረቅ አስፋልት፣ በጥሩ ጎማ፣ ሾፌሩ ለመንቃት አንድ ሰከንድ ከፈጀበት፣ በ30 የሚሄድ መኪና በ13 ሜትር ይቆማል፤ በ50 የሚሄደው 28 ሜትር ይፈልጋል። በ30 የሄደው ሙሉ በሙሉ በቆመበት ቦታ ላይ በ50 የሄደው ሾፌር እግሩ ገና ፍሬን አልነካም። የመታጠፊያ ቦታዎችን በ30 እንዲገደቡ የምንጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀጥታውን መንገድ አልነካንም።

በጥር 2016 የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ብስክሌተኛ ዞሮ ሳያይ የሚተማመንበት ጆሮው ነበር፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ በዝግታ ሲሄድ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ድምፁ የሚሰማው ጎማው አስፋልቱ ላይ መጮህ ሲጀምር፣ ማለትም ከፈጠነ በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 138 እስከ 20 ኪ.ሜ. ድረስ አርቲፊሻል ድምፅ እንዲያሰሙ ያዛል። ሾፌሮች የመኪናቸውን ያን ድምፅ «ይረብሻል» ብለው አያስጠፉት። ብስክሌተኛም ከመስመሩ ወደ ግራ ከመውጣቱ በፊት ዞሮ ይይ፤ በጆሮው የሚያድንበት ዘመን እያለቀ ነው።

መብራት ላይ ያለውን የጊዜ ስሌት የሚመለከታቸው ባለሙያዎች ቢያዩት እንወዳለን። 25 ሜትር ስፋት ያለውን መስቀለኛ መንገድ በ12 ኪ.ሜ. የሚሻገር ብስክሌተኛ ከ7 ሰከንድ በላይ ይፈልጋል፤ ዳገት ከሆነና በ8 ኪ.ሜ. ከሄደ 11 ሰከንድ። ቢጫው ግን የሚሰላው በመኪና ፍጥነት ነው። አረንጓዴው ሊያልቅ ሲል በሕጉ መሠረት የገባ ብስክሌተኛ መሐል ላይ ሳለ የወዲያኛው ወገን ይለቀቃል። ቆጣሪ ባለባቸው መብራቶች ደግሞ ሾፌሩ ዜሮን አይጠብቅም፤ ሦስት ላይ ጎማው መንከባለል ይጀምራል። ለሁሉም ወገን ቀይ ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ ሁለት ሦስት ሰከንድ መጨመር ከክርክሩ ግማሹን ያስቀራል።

ወደ ክልል ከተሞች ስንሄድ ባጃጁ ይመጣል። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት የቆየ ልማድ ነው፤ ሾፌሩም ብስክሌት ይጠብቃል። ባጃጅ ግን በጠባብ ቦታ ጥቅልል ብሎ ይዞራል፤ ማዶ ሰው እጅ ሲያወጣለት ያለ ፍሬቻ ይጠመዘዛል። ከባጃጅ ጎን ሳይሆን ከበስተኋላው፣ ሦስት አራት ሜትር ርቆ መከተል ነው የሚሻለው። አዳዲስ የብስክሌት መስመር ለሚሠሩ ከተሞችም አንድ መለኪያ እንንገር፦ መኪና እንዳይገባ በመስመሩ አፍ ላይ በሚተከሉት ምሰሶዎች መካከል 1.5 ሜትር ቢተው መኪና ይከለክላል፤ ባጃጅ ግን 1.3 ሜትር ነው፤ ሰተት ብሎ ያልፋል። 1.2 ሜትር ይበቃል፤ ተሽከርካሪ ወንበርም ሆነ ብስክሌት በዚያ በሚገባ ያልፋል። ምሰሶው ላይ አንጸባራቂ ይለጠፍ፤ አለዚያ ማታ ምሰሶው ራሱ አደጋ ይሆናል።

ግጭት ከደረሰ በኋላ ስላለው ጉዳይ በአጭሩ። ሕይወት ከተረፈና ቁስሉ ከታየ በኋላ፣ መኪናውም ብስክሌቱም ሳይነሳ ፎቶ ይነሳ፤ ታርጋው ይያዝ። ብስክሌቱ ለፖሊስ ሳይታይ አይጠገን። የፊት ሹካ ወደ ኋላ ከታጠፈ ብስክሌቱ ከፊቱ ያለን ነገር መትቷል፤ የኋላ ቸርኬ ከተጨማደደ ከኋላ ተመትቷል፤ የመሪው ጫፍና ፔዳሉ በአንድ ጎን ከተፋቁ በጎን ተገፍቷል። ይህ ሁሉ በመዶሻ ሁለት ምት ይጠፋል። የሦስተኛ ወገን መድን ለተሽከርካሪ ግዴታ ነው፤ ገጭቶ ባመለጠ መኪና ለተጎዳም በአዋጁ የተቋቋመ ፈንድ አለ፤ ብዙ ብስክሌተኛ ይህንን አያውቅም፤ በኪሱ ታክሞ ይቀመጣል።

የቀረን አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር ነው። ከመንገዱ ዳር ያሉት የጎርፍ መውረጃ ፍርግርጎች ብረታቸው በመንገዱ አቅጣጫ ርዝመቱን የተዘረጋባቸው ቦታዎች አሉ። ቀጭን ጎማ በሁለቱ ብረቶች መካከል ይሰምጣል፤ ብስክሌተኛው ይህን ስለሚያውቅ ፍርግርጉ ጋ ሲደርስ ድንገት ወደ ግራ ይወጣል። ከኋላው ያለው ሾፌር የሚያየው «ያለ ምክንያት» መንገድ የቆረጠ ብስክሌተኛ ነው። ብረቶቹ መንገዱን አቋርጠው ቢተኙ፣ ክፍተታቸውም ከ2 ሳ.ሜ. ባይበልጥ፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ያልፍባቸዋል። አራቱም ጎን እኩል የሆነው ፍርግርግ አዲስ መግዛት አያስፈልገውም፤ አንስቶ ሩብ ዙር አዙሮ መልሶ ማስቀመጥ ነው። ለአንዱ ሁለት ሰውና አንድ ዲጂኖ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ብስክሌት ጠጋኝና አንድ የመንጃ ፈቃድ አሰልጣኝ
አዲስ አበባ